አፍ ከመክፈታችን በፊት ጆሮ እንክፈት
(ባለፈው እትም ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ መልስ)



በእጅ ተጽፋ ከእጅ ወደ እጅ በምትዞረው በዚህች መጽሔታችን ባለፈው እትም አንድ ወንድማችን ስለ እምነት ማደግ ጽፎ ነበር። ብዕሩ የሰላ፣ ሐሳቡም ያልተድበሰበሰ በመሆኑ እናመሰግነዋለን። የጽሑፉ ጭብጥ ባጭሩ ይህ ነው። እምነት የሚያድገው በስብከት ብቻ ነው፤ ሰባኪ ከአትሮንሱ ይናገራል፣ ምእመን ተቀምጦ ይሰማል፤ ከዚያ ውጭ በቡና ላይ፣ በውሃ ሰልፍ ላይ፣ በየደጃፉ የሚደረገው ጭውውት ሁሉ ወሬ ነው፤ ወሬ ደግሞ እምነትን ያላላል እንጂ አያሳድግም። ስለዚህ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ይገዛ፣ ለዚህም በየቤቱ ገንዘብ ይዋጣ ይላል።

እኛ ይህን ሐሳብ እንቃወማለን። የምንቃወመው ስብከትን ስለምንጠላ አይደለም። እሑድ እሑድ ከስብከቱ ሥር ተቀምጠን ስንጽናና የኖርን ሰዎች ነን። የምንቃወመው በዚህ በካኩማ የሰው እምነት የሚቆመውም የሚወድቀውም በአብዛኛው በረከቦቱ ዙሪያ መሆኑን በዓይናችን ስላየን ነው። ከዚህም የባሰ አለ። በዚያው ረከቦት ዙሪያ አንዲት ነፍስ ስትቆስል ካቆሰሏት አፎች አንዱ የእኛው አፍ ነበር። ይህንንም ሳንደብቅ ወደ ኋላ እንጽፈዋለን።

ነገሩን ከምናውቀው ከሙያችን እንጀምር። በ1997 ዓ.ም. በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ፕላዝማ ገባ። እኛም የዚያ ዘመን ተማሪዎች ነን። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ተቀርጾ በሳተላይት ይሠራጫል፤ ከክፍሉ ፊት ለፊት በቆመው ሰፊ ቴሌቪዥን ላይ ለከተማውም ለገጠሩም ባንድ ሰዓት ይታያል። በመስተዋቱ ውስጥ ያለው አስተማሪ አነጋገሩ የጠራ፣ ሥዕሉ ያማረ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጎደለው፤ ጆሮ አልነበረውም። ጥያቄ ይጠይቀናል፤ ጥቂት ዝም ይላል፤ ከዚያም እኛ ገባንም አልገባንም እንደ ተመለሰለት ቆጥሮ ያልፋል። ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ጓደኛችን አንድ ቀን እጁን አወጣ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት፤ ፕላዝማ እጅ አያይምና። ያ ልጅ እጁን ዳግመኛ አላወጣም። ዓመቱም ሳያልቅ ትምህርቱን ተወ።

ወንድማችን ሆይ፣ አንተ የምትመኘው ትልቅ ድምፅ ማጉያ የሃይማኖት ፕላዝማ እንዳይሆንብን እንፈራለን። ድምፁ ከካኩማ አንድ እስከ ደረቁ የታራች ወንዝ ይሰማ ይሆናል። ነገር ግን በሸራው ቤት ውስጥ ሆኖ እጁን ያወጣውን ማን ያየዋል?

ከአሥረኛ ክፍል በኋላ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ገባን። ፕራክቲከም ለሚባለው የማስተማር ልምምድ ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተላክን። ሊገመግሙን የመጡት መምህር ከኋላ ሆነው ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ሲከታተሉ ቆዩና በወረቀታችን ላይ አንዲት መስመር ብቻ ጻፉ። ዐሥራ ስድስት ጥያቄ መጠየቃችንን፣ ዐሥራ ስድስቱንም ራሳችን መመለሳችንን ቆጥረው ነበር። እኛ በጣም ጥሩ ያስተማርን መስሎን ደስ ብሎን ነበርና ቅስማችን ተሰበረ።

ኋላ እንደ ተማርነው ይህ በሽታ የእኛ ብቻ አይደለም። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት የትምህርት ተመራማሪ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ ስለዚህ ጉዳይ ያሳተሙት ጥናት በሙያችን የታወቀ ነው። መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰኮንድ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህ ትዕግሥት ወደ 3 ሰኮንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ ከዚያ በፊት ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። እንግዲህ ለሳይንስ ጥያቄ 3 ሰኮንድ ካስፈለገ፣ ልጇን ባሕር ለበላባት እናት ስንት ሰኮንድ ያስፈልጋታል? እኛ ግን በለቅሶ ቤት ግማሽ ሰኮንድ እንኳ ሳንሰጥ ጥቅስ እንወረውራለን።

«ይህ የትምህርት ቤት ብልሃት ነው፤ የወንጌል ነገር ሌላ ነው» የሚል ሰው ካለ ወንጌሉን ይክፈት። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ሁለት ሐዘንተኞች ወደ ኤማሁስ ይሄዳሉ። ጌታ ራሱ ይቀርባቸውና አብሯቸው ይራመዳል። በመጀመሪያ ያደረገው ምን ነበር? መንገድ ላይ ስለ ምን እንደሚጫወቱ ጠየቃቸው። እነርሱም በዚህ ሰሞን የሆነውን የማታውቅ አንተ ብቻ ነህን ብለው ተገረሙበት። የሆነው ሁሉ የሆነው በእርሱ በራሱ ላይ ነው፤ መስቀሉን የተሸከመው እርሱ ነው። ሆኖም ዐውቃለሁ ብሎ አላቋረጣቸውም። ምን ሆነ ብሎ ዳግመኛ ጠየቃቸውና ሐዘናቸውን፣ ተስፋ መቁረጣቸውን፣ የሴቶቹን ወሬ ሳይቀር እስከ መጨረሻው አስነገራቸው። ከሙሴ ጀምሮ መጻሕፍትን የተረጐመላቸው ከዚያ በኋላ ነው። ዓይናቸውም የተከፈተው ማታ በገበታ ላይ እንጀራ ሲቆረስ ነው። ሁሉን የሚያውቀው ጠይቆ ከሰማ፣ ምንም የማናውቀው እኛ ሳንሰማ የምንመልሰው በማን ሥልጣን ነው?

ስለ ራሳችን ሰውም እናንሣ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የህንደኬ ባለሟል የሆነው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ በሠረገላ ተቀምጦ ነቢዩ ኢሳይያስን ያነባል። ፊልጶስ ሮጦ ደረሰበት። ደርሶም ስብከት አልጀመረም፤ የሚያነበው ይገባው እንደ ሆነ ጠየቀው። ሰውየው ፊልጶስን ወደ ሠረገላው እንዲወጣ የጋበዘው በራሱ ፈቃድ ነው። ነቢዩ ስለ ማን እንደሚናገር የጠየቀውም ራሱ ጃንደረባው ነው። ፊልጶስ ትምህርቱን የጀመረው ከዚያው ከሰውየው ጥያቄ ተነሥቶ ነው። ኢትዮጵያውያን በዚህ ምዕራፍ እንኮራለን፤ በየመድረኩም እናነሣዋለን። ነገሩ የሆነው ግን በምድረ በዳ መንገድ ላይ፣ ባንድ ሠረገላ ውስጥ፣ በሁለት ሰዎች ጭውውት ነው። አትሮንስም ድምፅ ማጉያም አልነበረም።

ደግሞ የኢዮብ ወዳጆች አሉ። እነዚያ ሰዎች ሐዘኑን ባዩ ጊዜ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት በምድር ላይ አብረውት ተቀመጡ፤ አንድ ቃልም አልተናገሩም። እስከዚያ ድረስ እንከን አልነበራቸውም። ስሕተታቸው የጀመረው አፋቸውን ከፍተው የመከራውን ምክንያት ለእርሱ ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ የእግዚአብሔር ቍጣ የነደደው ስለ እግዚአብሔር ጠበቃ ሆነው በተናገሩት በእነርሱ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። ያጉረመረመውና የተሟገተው ኢዮብ ግን ስለ እነርሱ እንዲጸልይ ታዘዘ።

ወንድማችን «መድረክ ከሌለ እምነት ይከስማል» ላለው ደግሞ የአገራችን ታሪክ ራሱ መልስ አለው። በጥር 1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘጋ፤ ንብረቷን ወረሰ፤ መሪዎቿን አሠረ። አዳራሹም መድረኩም ባንድ ቀን ቀረ። ምእመናኑ በየቤቱ በትንንሽ ቁጥር እየተሰበሰቡ ቆዩ። ድምፅ ከፍ አድርጎ መዘመር እንኳ የሚያሳስር ነበርና በሹክሹክታ ተነጋገሩ፣ በሹክሹክታ ጸለዩ። በተዘጋች ጊዜ አባላቷ 5,000 ያህል ነበሩ፤ ደርግ ወድቆ በ1983 ዓ.ም. በሮቿ ሲከፈቱ 34,000 ያህል ሆነው ተገኙ። ይህን ስንል አሳዳጁን ማመስገናችን አይደለም። እስር ቤት የማቀቁትን እናስታውሳለን። ነገር ግን መድረክ የሌለበት እምነት ይከስማል የሚለውን ቃል እነዚያ ዓመታት ሐሰት አድርገውታል።

ከእኛ መካከል የኦርቶዶክስ ልጆች የሆኑትም ከሩቅ መማር አያስፈልጋቸውም። የጽዋ ማኅበሩ ምንድን ነው? በወር አንድ ቀን በቅዱሱ ስም ባንድ ቤት ተሰብስቦ፣ ዳቦ ቆርሶ፣ ጠላ ቀምሶ፣ የታመመውን ጠይቆ፣ የተጣላውን አስታርቆ መለያየት አይደለምን? የንስሐ አባትስ? ቤታችን ገብተው፣ ቁጭ ብለው፣ ልጆቹን በየስማቸው ጠርተው፣ ምን ሆናችሁ ሰነበታችሁ የሚሉ አባት አይደሉምን? አበው መጻሕፍትን ሲተረጕሙ እንኳ አንዱን ፍች ተናግረው በር አይዘጉም፤ «አንድም» ብለው ሌላውን ይጨምራሉ። አንድምታ የተባለውም ስለዚህ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ሲተረጕሙ «አንድም» ያሉ አባቶች ልጆች ሆነን የጎረቤታችንን ሐዘን ስንተረጕም ባንድ ፍች የምንዘጋው ለምንድን ነው?

አሁን ወደዚያች እናት ነገር እንመለስ። ስሟን አንጽፍም።

አንድ ልጅ ነበራት፤ ዕድሜው ዐሥራ ዘጠኝ። የካምፕ ኑሮ ሰለቸውና አንድ ሌሊት ሳይሰናበታት ወጣ። በሱዳን አድርጎ ሊቢያ ገባ። ከዚያ በጀልባ ተሳፈረ። ከብዙ ወራት በኋላ አብሮት የነበረ ልጅ ስልክ ደወለና ነገሩን አረዳት። አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ፤ ባዶ ለቅሶ ተቀመጥን። በሦስተኛው ቀን ቡና ተፈላ፣ ሰዉም እንደ ልማዱ ማጽናናት ጀመረ። አንዱ ጌታ ሰጠ ጌታ ነሣ አለ። ሌላዋ እግዚአብሔር የሚወደውን ይቀጣል አለች። ሦስተኛው ሳይሰናበት የሄደ ልጅ መጨረሻው ይኸው ነው ብሎ ነገሩን ወደ ምክር አዞረው። እኛም መምህራን ነንና ዝም ማለት አሳፈረን። ሁሉም ለበጎ ነው አልን።

ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችንና፦ «ለማን በጎ?» አለች።

መልስ አልነበረንም። ዝም ብለን ብንቀር ደግ ነበር። ነገር ግን ከመካከላችን አንዱ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም፣ ይህ ክሕደት ነው፣ ንስሐ ግቢ አላት። ሌሎቻችንም አልተቃወምነውም። ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ውስጥ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምራ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም፤ ቡና ስትጠራም አልመጣችም። በመንገድ ላይ ሰላም ስንላት አንገቷን ሰበር አድርጋ ታልፋለች። ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኛም ለጥቂት ሳምንታት ረሳነው።

በአጠገቧ አንዲት አሮጊት ይኖራሉ። ፊደል አልቆጠሩም፤ በማኅበርም በኮሚቴም ውስጥ የሉም። ጊዜው 2017 ዓ.ም. ነው፤ ድርጎው የተቀነሰበት፣ ከሰል የምትሸጥልንን የቱርካና ሴት ዋጋ ቀንሺ እያልን የምናስቸግርበት ጊዜ ነው። አሮጊቷ ግን ያላቸውን አንድ እፍኝ ቡና ይዘው ወደ እናትየው ቤት መሄድ ጀመሩ። በካምፑ ውስጥ ግድግዳው ሸራ ስለሆነ የጎረቤት ነገር ሳይፈልጉ ይሰማል፤ እኛም ከሸራው ማዶ ሆነን ሰማን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰማው የሙቀጫው ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን አሮጊቷ፦ «ልጅሽ ምን ምግብ ይወድ ነበር?» ብለው ጠየቁ። ዝምታው ረዘመ። ኋላ እናትየው ከድስቱ ሥር የያዘውን ፍቆ መብላት ይወድ እንደ ነበር ተናገረች። ሳቀች፤ ሳቋም ወደ ልቅሶ ተለወጠ። አሮጊቷ አይዞሽም አላሉ፣ አታልቅሺም አላሉ። ቡናውን ቀዱ።

ከብዙ ቡና በኋላ እናትየው ያንን ጥያቄ በሌላ መልክ አመጣችው፦ «እማማ፣ ባሕሩንስ የፈጠረው ማን ነው? እሱ አይደለም ወይ?» አሮጊቷ እንዲህ አሏት፦ «እኔ መሃይም ነኝ ልጄ፣ አላውቀውም። እኔም የራሴን ልጅ ጊዜ ጠይቄው ገና አልመለሰልኝም። ግን ዝም አትበይው፤ ጠይቂው። እኔም አብሬሽ እጠይቀዋለሁ።» በዚያ ምሽት ሁለቱ ሲጸልዩ ሰማን። ጸሎት ከተባለ ክስ የሞላበት ጸሎት ነበር፤ አንድም ጥቅስ አልተጠቀሰበትም። ልጇ ከሞተ ወዲህ የእግዚአብሔርን ስም በአፏ ስትጠራ የሰማናት ግን ያን ጊዜ ነው።

አሁንም በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን አትሄድም፤ አንዳንዴ ትመጣና ከኋላ ትቆማለች። ይህን ሰምቶ ወንድማችን ታዲያ ምኑን አደገች ይል ይሆናል። እንግዲህ ስማ። በቅርቡ በሌላው ሰፈር አንዲት ሴት ባሏ ሞቶባት ለቅሶ ተቀመጠች። ከሁሉ በፊት ጀበናዋን ይዛ የሄደችው ይህች እናት ናት። ሄዳም ምንም አልተናገረችም፤ ከሰሉን አቀጣጠለች። እኛ ይህን ማደግ እንለዋለን። ካምፑ ሙሉ ሰባኪ ባለበት ሰው ያሳደጉት እኒያ ፊደል ያልቆጠሩ አሮጊት ናቸው።

ይቅርታ ልንጠይቃት በሄድን ጊዜ አልተቆጣችንም። «እናንተ ተማሮች ትቸኩላላችሁ» ብላ ቡና ቀዳችልን። ከኮሌጁ ገምጋሚ ቀጥሎ ሥራችንን እንዲህ በትክክል የገመገመን ሰው የለም።

እንግዲህ ወንድማችን ጭውውት ወሬ ነው ያለው ሙሉ በሙሉ ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። ጭውውታችን ታሟል፤ ይህን እናምናለን። የታመመ ነገር ግን ይታከማል እንጂ አይቀበርም። በእኛ አስተያየት ሕመሙ ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው የማኅተም ሕመም ነው። «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚለው ቃል እውነተኛ ቃል ነው። እኛ ግን እንደ ማኅተም እንጠቀምበታለን፤ የሰውየው ነገር ሳያልቅ ከላዩ ላይ እንመታበትና ደብዳቤውን እንዘጋዋለን። ብዙ ጊዜ ይህን የምንለው ለሰሚው መጽናኛ ሳይሆን ለራሳችን ማምለጫ ነው። የሰው ሐዘን ከብዶን መሸሽ ስንፈልግ በእግዚአብሔር ስም እንሸሻለን። በሰላም ጊዜ ይህ ግድየለሽነት ነው፤ በስደት ጊዜ ግን ወገንን በረሃ ላይ ጥሎ እንደ መሄድ ያለ ነገር ነው።

ሁለተኛው «ለጸሎት ያህል ነው» የሚባለው ሕመም ነው። እገሊት እንዲህ ሆናለች፣ እገሌ እንዲህ አድርጓል፣ ሐሜት አይደለም፣ እንድትጸልዩላቸው ነው እንላለን። ጸሎቱ ግን ሲደረግ አይታይም፤ ወሬው ብቻ ካምፑን ዞሮ በሦስተኛው ቀን ወደ ባለቤቱ ጆሮ ይደርሳል። በዚህ ዓይነት ምሥጢራቸው የወጣባቸው ወጣቶች ዳግመኛ ለማንም ልባቸውን አይከፍቱም። የሐሜትን በግ ለምድ አልብሶ ወደ ጸሎት ቤት የሚያስገባ ሰው ተኩላውን ያስገባው እሱ ነው።

ሦስተኛው የክርክር ሕመም ነው። በየሻይ ቤቱ ኦርቶዶክሱና ጴንጤው ጥቅስ እየተማዘዙ ሲሟገቱ ይመሻል። በአጠገባቸው የተቀመጠው ልጅ ግን ያለው ጥያቄ ሌላ ነው። እሱ የሚጠይቀው ቃለ መጠይቁ ስንት ዓመት ይፈጃል፣ እናቴ በሕይወት አለች ወይ፣ እግዚአብሔርስ በዚህ አቧራ ውስጥ ያየኛል ወይ የሚለውን ነው። ሁለቱ ተሟጋቾች ማን እንዳሸነፈ ሲቆጥሩ ልጁ ሻዩን ጨርሶ ይወጣል። ተሸናፊው ማን እንደ ሆነ ለአንባቢ እንተዋለን።

ወንድማችን ሁለት ጠንካራ ተቃውሞዎች አቅርቧልና እነርሱን ሳንመልስ ብናልፍ ነውር ይሆንብናል።

የመጀመሪያው፣ ያልተማረ ሰው ስለ እምነት ቢናገር ስሕተት ያስተምራል የሚለው ነው። ይህ ስጋት እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን በዚያው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ተጽፏል። አጵሎስ አንደበተ ርቱዕ፣ መጻሕፍትንም የሚያውቅ ሆኖ ትምህርቱ ጎዶሎ ነበር፤ የሚያውቀው የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበርና። አቂላና ጵርስቅላ ድንኳን እየሰፉ የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው፤ ከሮም ተባርረው የወጡ ስደተኞችም ነበሩ። በጉባኤ ፊት አላዋረዱትም፤ ወደ ራሳቸው ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አጥርተው ገለጡለት። እነሆ፣ ስሕተቱ ከመድረክ ወጣ፤ የታረመው በጭውውት ነው። ደግሞም መጠየቅና መስማት ስሕተት አያስተምርም። ከዐቅማችን በላይ የሆነ ጥያቄ ሲመጣ አላውቀውም ማለት፣ ከዚያም ጠያቂውን ይዞ ወደ ካህኑ ወይም ወደ ፓስተሩ መሄድ ነው። አብሮ መሄድ እንጂ መላክ አላልንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ሁሉ ሰው ዝም ብሎ የሚሰማ ከሆነ እውነትን ማን ይናገራል የሚለው ነው። እኛ ዝም በሉ አላልንም። በኤማሁስ መንገድም ከመስማት በኋላ ተግሣጽ ነበረ፤ ትርጓሜም ነበረ። እኛ የምንለው ስለ ቅደም ተከተል ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት እንደሚባለው ሳይጠየቁ የሚመለስ መልስ እውነት እንኳ ቢሆን አይሰማም። ተራውን ጠብቆ የሚመጣ ቃል ግን አጭር ቢሆንም ሥር ይሰዳል። ጓደኛህ ስካር ሲያጠፋው እያየህ እሰማለሁ ብለህ ብትቀመጥ ይህ ፍቅር አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ብዙ ከሰማኸው በኋላ ግን ወንድሜ፣ ይህ ነገር እየገደለህ ነው ብትለው ከጠላት አፍ እንደ ወጣ አይቆጥርብህም።

ስለዚህ ምን ይደረግ? ለድምፅ ማጉያው የሚዋጣው ገንዘብ ለቡናና ለስኳር ይዋል እንላለን። ድርጎው ከተቀነሰ ወዲህ ስንቱ ቤት ቡና ማፍላት እንዳቆመ ሁላችንም እናውቃለን። ቡና ያልፈላበት ቤት ሰው አይጠራም፤ ሰው ያልተጠራበት ቤት ውስጥ ደግሞ ሐዘን ብቻውን ይቀመጣል። በየብሎኩ ሁለት ወይም ሦስት ቤት ተጋርቶ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ጀበና ያፍላ። ከብሎኩም ሰው ከሚበዛበት ቤት ይልቅ ወደ ብቸኛው ቤት ይሂድ።

እዚያም ሲደረስ ሥርዓቱን ቡናው ራሱ ያስተምረናል። አቦሉ እስኪጠጣ ጥቅስ አይጠቀስ፤ ይሰማ። ቶናው ሲመጣ ይጠየቅ፤ ጥያቄውም መልሱን የማናውቀው ጥያቄ ይሁን፤ ከተጠየቀ በኋላም ይጠበቅ። በረካው ላይ ቃል የሚገባ ከሆነ አንዲት ቃል ትባል፤ ጸሎትም ይደረግ። ጸሎቱም ሰውየው በራሱ አፍ የተናገረውን ለእግዚአብሔር የሚያደርስ ይሁን፤ በጸሎት መልክ የሚነገር ሁለተኛ ስብከት አይሁን። በዚያ የተሰማው እዚያው ይቅር። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ተመልሶ ያ ነገር እንዴት ሆነ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። እኛ መምህራን ተማሪው ያልገባውን ትናንት ጽፈን ካልያዝን ዛሬ ማስተማር አንችልም፤ የወንድሙን የትናንት ሐዘን የረሳ ሰውም ዛሬ ሊያጽናናው አይችልም።

ይህ ካምፕ በ1984 ዓ.ም. ሲቋቋም ለጊዜው የተባለ ነበር። እነሆ በውስጡ ተወልደው ልጅ የወለዱ ሰዎች አሉ። በዚህ ሁሉ ዘመን ብዙ ድርጅት መጥቶ ሄዷል፤ ብዙ ሰባኪም መጥቶ ሄዷል። የቀረነው እኛው ነን፤ በውሃው ሰልፍ ላይ ጀሪካን ከጀሪካን አስጠግተን የቆምነው። ከፊታችን የቆመው ሰው ልቡ ውስጥ ያለውን ሳናውቅ ዓመታት ካለፉ፣ በእግዚአብሔር ፊት የምንጠየቀው ለምን ድምፅ ማጉያ አልገዛችሁም ተብለን አይመስለንም።

ወንድማችን ይህን አንብቦ ቢቆጣ ቤታችንን ያውቀዋል። በኅዳጉ ላይ መልሱን ይጻፍ፤ ወይም ይልቁንስ ይምጣ። ቡናው ጥቂት ነው፣ ስኳርም የለንም። አቦሉ እስኪያልቅ ግን አንናገርም፤ እንሰማዋለን።